«እግዜር አለ» በባሮ ዳርቻ

በባሮ ዳርቻና ከድንበሩ ማዶ የሚኖሩ ኑዌሮች ከብት ሲያልቅባቸው፣ ልጅ ሲታመምባቸው ወይም የሚያደርጉት ሲጠፋቸው «ኩዎት አ ቲን» ይላሉ። ቃል በቃል ሲፈታ «ኩዎት እዚህ አለ» ማለት ነው፤ ኩዎት በኑዌርኛ የፈጣሪ ስም ነው። አባባሉን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ሲሆን፣ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት ከኑዌሮች ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1956 «የኑዌር ሃይማኖት» የተባለውን መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ እንዳስረዳው አባባሉ ፈጣሪ ስለ መኖሩ የሚደረግ ክርክር አይደለም። የፈጣሪ መኖር ለኑዌር ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ቃሉ የሚነገረው አቅም ያለቀበት ሰው ራሱን ወይም ባልንጀራውን «አይዞህ» ሲል ነው። ይህን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም። ዝናብ ሲዘገይና ጎተራ ሲራቆት ደጋ ላይ «እግዜር አለ» የሚለው ገበሬ የተናገረው ያንኑ ነው።

ባሮ የሚወለደው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ነው፤ የገባና የብርብር ወንዞች ተገናኝተው ይመሠርቱታል። ከተራራው ተወርውሮ ጋምቤላ ሜዳ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል። ከዚያ በኢታንግና በጂካዎ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዞ ከፒቦር ጋር ይገናኝና ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። መሬቱ ዝቅተኛና ለጥ ያለ ስለሆነ ክረምት ላይ ወንዙ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ያለብሰዋል። በበጋ ደግሞ ያው ሜዳ ተሰነጣጥቆ ሣሩ ይደርቃል። የዳርቻው ሰው ኑሮ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተሠራ ነው። የአኝዋሃ ሕዝብ ገበሬ ነው። በዝናብ ከሚዘራው ማሽላና በቆሎ ሌላ፣ ጎርፉ ሲሸሽ ወንዙ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ዳግመኛ ይዘራል፤ ዓሣም ያጠምዳል። ኑዌር ከብት አርቢ ነው። ክረምቱን ውሃ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ከርሞ በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ጎርፍ ሳይመጣ ቢቀር የደለል እርሻና ግጦሽ አይኖርም። አብዝቶ ከመጣ ደግሞ ማሽላው ቆሞ ይበሰብሳል። መጠኑን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህን በቅርብ ጊዜ ከተማሩት አንዱ ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ነው። በባሮና በአልዌሮ አካባቢ እጅግ ሰፊ መሬት ተከራይቶ ረጅም የአፈር ግድብ ቢሠራም፣ በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ለአጨዳ የተቃረበ የበቆሎ አዝመራው በጎርፍ ተበላ። የዳርቻው ገበሬ ግን ከጥንትም ማሳውን በአንድ ቦታ አያደርግም። ጥቂት ከፍ ባለው ላይ፣ ጥቂት ከወንዙ ከንፈር ላይ ይዘራል፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲተርፍ።

የከፋው ወቅት ክረምቱ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም፣ ወንዙ ስለሞላ ዓሣው በሜዳው ተበትኗል። በዚህ ጊዜ ዱሩ ጎተራ ይሆናል፤ እንደ በደኖ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ የዱር ቅጠልና ሥራሥር ይለቀማሉ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ ኑዌሮችን ሲያጠና ካስገረመው ነገር አንዱ የዚህ ወቅት ልግስና ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ አንዱ ጠግቦ ሌላው አይራብም፤ ወይ ሁሉም ይበላል ወይ ሁሉም ይራባል። እሱ ነገሩን ያገናኘው ከደግነት ይልቅ ከችግሩ ጋር ነው። ዛሬ ያካፈለ ነገ ይካፈላል፤ ስለዚህ ሰውን ለጋስ የሚያደርገው እጥረቱ ነው። ትዝብቱ ትክክል ይመስላል፤ ግን ግማሽ ነው። ነገ የሚያካፍለው ጎረቤት ራሱ በሕይወት መኖሩን ማን ያውቃል? ከጎረቤት በላይ ያለ ዋስ ካልታሰበ ሒሳቡ አይዘጋም። «ኩዎት አ ቲን» የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ይህ መታመን ቃል ብቻ አልነበረም፤ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ኑዌር በጭንቅ ጊዜ ለኩዎት በሬ ይሠዋል። በሬ የሌለውስ? የዱር ዱባ መሰል ፍሬ ይዞ ይቀርባል። ፍሬውን በሥርዓቱ ውስጥ «በሬ» ብሎ ይጠራዋል፣ ጸሎቱን በሙሉ ይጸልይበታል፣ በጦርም ይሰነጥቀዋል። ፍሬው በሬ እንዳልሆነ ሠዊውም ያውቃል፤ ፈጣሪም እንደሚያውቅ ያውቃል። ለድሃ የተፈቀደ ቀጠሮ ነው። ከብት ሲያገኝ እውነተኛውን ይከፍላል። ይህ የዱባ መሥዋዕት በዓለም የሥነ ሰብ ጥናት ውስጥ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ነው። ሊቃውንቱ ሰው ምልክትን ከምልክቱ ባለቤት ጋር እንዴት እንደሚያመሳስል ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለባሮ ሰው ጉዳዩ ከዚያ ይቀላል፦ ድህነት ከፈጣሪ ደጅ አያስመልስም።

ላም ስትሞትም የሚባለው ነገር አለ። ባለቤቱ ማልቀስና ማጉረምረም አይገባውም፤ ሞቱ ወደ ቤቱ መጥቶ ላሚቱ ሰውን ጋርዳ ሄዳለች ተብሎ ይታሰባል። ከብቱ የኩዎት ነው፤ የራሱን ወሰደ። በዚያው ልክ በከብት ብዛት መኩራራት ነውር ነው፤ የሌላውን ሀብት አጉልቶ ማወደስም ያስፈራል። ሰው በፈጣሪ ፊት እንደ ጥቁር ጉንዳን ትንሽ ነው ይላሉ፤ ጉንዳን ደግሞ የዝሆንን ሐሳብ አያውቅም። ይህን መልክ ያየ የውጭ ሰው «ተስፋ መቁረጥ» ሊለው ይችላል። ግን እዚያው ያለው ሰው ሌሊቱን ከብቱን ሲጠብቅ፣ ትንኝ እንዳይበላቸው የኩበት ጭስ ሲያጨስላቸው ያድራል። የሚተወው ከእጁ ያለፈውን ብቻ ነው።

አኝዋሃ ፈጣሪን ጁዎክ ይለዋል፤ ከሺሉክና ከሌሎች የሉዎ ሕዝቦች ጋር የሚጋራው ስም ነው። ጁዎክ ሁሉን የፈጠረ ነው፤ ደግሞም ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ለእሱ ይሰጣል። ድንገት የመጣ በሽታ፣ ያለ ወቅቱ የወረደ ውሃ «የጁዎክ ነው» ይባላል። ከኑዌር ሲነጻጸር የአኝዋሃው ፈጣሪ ራቅ ያለ፣ ቁጥብ ነው። መሬቱንና ዝናቡን በሚመለከት ሥርዓት የሚፈጽሙ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ነበሩ፤ የዕለት ጭንቅ በእነሱ በኩል ይቀርብ ነበር። ስለ አኝዋሃ ሃይማኖት የተጻፈው ስለ ኑዌር ከተጻፈው በእጅጉ ያንሳል። የሚያሳዝነው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ራሱ አገራቸውን በ1927 ዓ.ም አይቶ የጻፈው በዋናነት ስለ አገዛዛቸው መሆኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን የአኝዋሃ ተዋጊዎችን ይዞ በዚያው አካባቢ ጣሊያኖችን ወግቷል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መታመንን ክፉኛ የፈተነ ዘመን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀውና ደጋው «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው ረሃብ የመጣው በከብት ዕልቂት ነው። የከብቱ ደዌ ወደ ቆላውም ወርዶ የኑዌርን በረት ባዶ አደረገ፤ ፈንጣጣም ተከተለ። ንጉንዴንግ ቦንግ የተባለው ነቢይ ስሙ የገነነው በዚሁ ጊዜ ነው። ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው በሉ ኑዌር አገር ሕዝቡን አሰባስቦ በአፈርና በአመድ ታላቅ ጉብታ አስቆለለ። ሰው ከሩቅ እየመጣ አፈር ተሸከመ፤ በሽታው በጉብታው ውስጥ ተቀብሮ እንዲቀር የታሰበ ሥራ ነበር። ንጉንዴንግ በ1898 ዓ.ም ሞተ። እንግሊዞች ጉብታውን የዓመፅ ምሽግ አድርገው ስላዩት እ.ኤ.አ. በ1928 በፈንጂ በከፊል አፈረሱት፤ በቀጣዩ ዓመትም ልጁን ገድለው የነቢዩን ዘንግ ወሰዱ። ዘንጉ ከእንግሊዝ አገር ወደ ደቡብ ሱዳን የተመለሰው በ2001 ዓ.ም ነው። የንጉንዴንግ መዝሙሮች ግን ዘንጉን አልጠበቁም። በጋምቤላ ኑዌሮች ዘንድ ዛሬም ይዘመራሉ፤ ጦርነት በተነሣ ቁጥር «ተናግሮት ነበር» ይባላል። በችጋር ጊዜ በሺህ የሚቆጠር የተራበ ሰው አፈር እንዲሸከም ማድረግ ለዛሬ ሰው ግራ ይመስላል። ሆኖም ከብቱ አልቆበት እርስ በርሱ ሊዘራረፍ የነበረን ሕዝብ በአንድ ሥራ ላይ አገናኝቷል፤ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

በዚያው ዘመን ማግስት ባሮ ላይ አዲስ ነገር ታየ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ርዝመትና ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ስፋት ያለው ቦታ ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። የጋምቤላ ከተማ የተወለደችው ከዚህ ነው። ቡና፣ ሰምና ቆዳ ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ግሪክና ሶርያዊ ነጋዴ እንኳ ከጎርፉ ሥርዓት አላመለጠም። መርከቡ የሚደርሰው ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አካባቢ ነው። ለገበሬው የረሃብ የሆነው ወር ለነጋዴው የገበያ ወር መሆኑ ነው። ጣቢያው ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

የወንጌል ስብከትም የመጣው በዚያው በመርከቡ መንገድ ነው። ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም ምዕራብ ኢትዮጵያን ሲያጠቃ፣ በሶባት ላይ በናስር ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ቶማስ ላምቢ በሳዮ ገዥ ጥሪ በባሮ በኩል ወደ ደምቢ ዶሎ ወጣ። ጥሪው መድኃኒት ፍለጋ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ተከተለ። በደምቢ ዶሎ ከተማሩት አንዱ በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበትና ሲለምን የነበረው ጊዳዳ ሶላን ነው፤ በኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት። ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ሲያባርር ምእመናኑን ሰብስበው ያቆዩት እነ ጊዳዳና ማሞ ጮርቃ ናቸው። ገንዘብም ሐኪምም ፈረንጅም በሌለበት አምስት ዓመት ውስጥ ማኅበሩ አደገ እንጂ አልተበተነም።

ሚስዮን ወደ ባሮ ዳርቻ የወረደው ግን ዘግይቶ ነው። አሜሪካዊው ዶን ማክሉር በሱዳን በኩል በአኮቦ ከአኝዋሃ ጋር ሲሠራ ቆይቶ በ1940ዎቹ ዓ.ም በባሮ ዳር በፖክዎ ተቀመጠ፤ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና የእርሻ ሥራ ከስብከቱ ጋር አብረው ተጀመሩ። ሱዳን በ1956 ዓ.ም ሚስዮናውያንን ከደቡብ ስታስወጣ የጋምቤላው ሥራ ይበልጥ ተጠናከረ። ከፕሬስቢቴሪያኑ ሚስዮን የበቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1966 ዓ.ም ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ማክሉር መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም በጎዴ በታጣቂዎች ተገደለ። በደርግ ዘመን ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ።

ሰባኪዎቹ ለፈጣሪ አዲስ ስም አላመጡም፤ ኩዎትንና ጁዎክን ተቀብለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አስገቡ። «እምነት» የሚለውን ለመተርጎም ግን ማሰብ ነበረባቸው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በኑዌርኛ «አምናለሁ» የሚለውን በትክክል የሚተካ ቃል የለም ብሎ ነበር። ሮድኒ ኒድሃም የተባለው ሌላ እንግሊዛዊም እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አንሥቶ መዝገበ ቃላቱን ሁሉ ሲመረምር ቆይቷል። በመጨረሻ በአገልግሎት ላይ የዋለው ቃል «ንጋት» ተብሎ ሊጻፍ የሚችል ነው፤ ከአማርኛው የማለዳ ንጋት ጋር በድምፅ ከመገጣጠም በቀር ዝምድና የለውም። ፍቺው በአንድ ሰው ላይ መደገፍ፣ ተስፋ መጣል ነው። ስለዚህ የኑዌር ክርስቲያን «አምናለሁ» ሲል የሚናገረው ስለ ሐሳቡ አይደለም፤ በማን ላይ እንደተደገፈ ነው።

የ1977 ዓ.ም ድርቅ ደግሞ ደገኛውን ወደ ባሮ አመጣ። መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታና ሐዲያ አካባቢ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው በጋምቤላ አሰፈረ። ለሰፈራው ጫካ ተመነጠረ፤ የአኝዋሃ መሬት ያለ ፈቃዱ ተወሰደ። በሬ በቆላ ዝንብ ስለሚያልቅ እርሻው በትራክተር ሆነ። ብዙ ሰው ከረሃብ ተርፎ በወባ ሞተ። ሰፋሪው «እግዜር አለ» እያለ፣ ጎረቤቱ ኑዌር «ኩዎት አ ቲን» እያለ፣ በአንድ ወንዝ ዳር ተገናኙ። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ቃል መናገር አላስታረቀም። በመሬትና በሥልጣን ምክንያት በሰፋሪዎችና በአኝዋሃ፣ በኑዌርና በአኝዋሃ መካከል ደም ሲፈስ ኖሯል። በፈጣሪ መታመን የዳርቻውን ሰው በችጋር ጊዜ አጽንቶታል፤ በጎረቤት ላይ ከመነሣት ግን ሁልጊዜ አልመለሰውም።

በ1975 ዓ.ም የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዳግም ሲቀሰቀስ ስደተኛው ወደ ኢታንግ ጎረፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢታንግ ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት፣ በዓለም ከታላላቆቹ አንዷ የሆነች ካምፕ ሆነች። ወደ ደቡብ በፑኝዶ ከ10 ሺህ የሚበልጡ፣ ወላጅ አልባ ወይም ከወላጅ የተለዩ ወንዶች ልጆች ተጠለሉ። አብዛኞቹ ዲንቃ ነበሩ፤ ለወራት በእግራቸው ተጉዘው፣ መንገድ ላይ ጓደኞቻቸውን በረሃብና በአውሬ አጥተው የመጡ። በካምፑ ጭቃና ሣር የለበሱ ጸሎት ቤቶች ተሠሩ፤ ከብቱ በሌለበት፣ መሥዋዕት በማይቀርብበት፣ የቀደመው ሥርዓት በተቋረጠበት ቦታ መዝሙርና ጸሎት ቀረ። ክርስትና በኑዌርና በዲንቃ መካከል በብዛት የተስፋፋው ሚስዮናውያን በነበሩበት ዘመን አይደለም፤ በዚህ በጦርነቱ ጊዜ ነው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ካምፖቹ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆኑ። የፑኝዶ ልጆች ተኩስ ከኋላቸው እያለ የሞላውን የጊሎ ወንዝ ለመሻገር ገቡ፤ ብዙዎች ሰጠሙ። ከተረፉት አንዱ ጆን ቡል ዳው በኋላ አሜሪካ ደርሶ ታሪኩን ሲናገር፣ በዚያ ጊዜ የነበረው ስሜት እግዚአብሔር ሰልችቶን ሊጨርሰን ፈልጓል የሚል እንደነበር አልደበቀም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ርእሱን የወሰደው ከዚህ አባባል ነው። ይህ አባባል ከ«ኩዎት አ ቲን» ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ግን የሰለቸ አምላክ ያለ አምላክ ነው፤ ልጆቹ የጠረጠሩት መኖሩን ሳይሆን ወገንተኝነቱን ነው።

በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ጋምቤላ ክልል 307,096 ሰው ነበራት። ከመቶ 70 የሚሆነው ፕሮቴስታንት፣ 17 ገደማው ኦርቶዶክስ፣ 5 ገደማው ሙስሊም ነበር፤ የቀደመውን እምነት እንደያዘ ያስመዘገበው ከመቶ 4 አይሞላም። ቁጥሩ ግን የሚያሳስት ነገር አለው። በጸሎት ቤት የሚጠራው ስም ኩዎት፣ ጁዎክ እስከሆነ ድረስ፣ አሮጌው በአዲሱ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ መዝጋቢ አይቆጥረውም።

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው እንደገና ተሻገረ፤ ቁጥሩም በኋላ ወደ ክልሉ ነዋሪ ቁጥር ተጠጋ። አብዛኛው ኑዌር ስለነበረ በዚህ ወገን ያገኘው ዘመዱን ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ለአዲስ መጤዎች የተዘጋጁት የሌችዎርና የኒፕኒፕ ካምፖች በጎርፍ ተጥለቀለቁ። የዳርቻው ሽማግሌ ከብቱን የማያሳድርበት ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነበር የተሠሩት። ስደተኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጄዊ ተዛወሩ። በካምፑ የረሃብ ወር በዝናብ አይመጣም፤ በራሽን ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም የእርዳታ እህል ይሰረቃል በሚል ምክንያት የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቆም፣ ከ800 ሺህ በላይ ስደተኞችም አብሮ ተቋረጠባቸው። ያ ወር ደግሞ ለባሮ ዳርቻ የዱሮውም የረሃብ ወቅት መግቢያ ነው። ሴቶች እንጨት ለቅመው ሸጡ፣ የዱር ቅጠል ቀቀሉ፣ ያለው ለሌለው ቆረሰ፤ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቶቹ እንደ ወትሮው ይዘመርባቸው ነበር። ለስደተኞች የሚሰጠው ራሽን እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ፣ ባሮ መጉደል በሚጀምርበት ወቅት ነው።